የአውራ ጣት ነጥብ

ጠረጴዛው ላይ ሰባት ትንንሽ መስታወቶች በሰልፍ ተደርድረዋል። ስምንተኛው ወለሉ ላይ ተሰባብሯል፤ ከስብርባሪዎቹ በአንዱ ጫፍ ላይ ደም አለ። ብዙ አይደለም፤ ጢሙን ሲላጭ የተቆረጠ ሰው ከዚያ የበለጠ ይደማል። ቢሆንም ደም ደም ነው፤ የጠረጴዛውን ባለቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ያያት የለም።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ቦታው የሙዚየሙ ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ክፍል።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በምርመራ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ባልደረቦቼ “እንቁላል” ይሉኛል፤ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” እያልኩ ስለማሰለቻቸው። ቅጽል ስሙን እወደው ነበር። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ግን እንቁላል ብለው ሲጠሩኝ አቤት አልልም።

የጠፋችው የሙዚየሙ መዝጋቢ ናት፤ የሠላሳ አራት ዓመት ሴት። በክር ያንጠለጠለችውን ማጉያ መነፅር ከአንገቷ ስለማታወልቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ “ማጉያ” ነው የሚላት። አራት ወር ሙሉ የመዘገበችው አንድ ሳጥን የድሮ ስላይድ ነው፤ ከሰባ ዓመት በፊት በፋኖስ መብራት ግድግዳ ላይ እየተጣለ ሰው ሰብሰብ ብሎ ያየው የነበረ፣ በእጅ ቀለም የተቀባ የመስታወት ፎቶ። ሳጥኑ ላይ “የዓለም ሴቶች ኑሮ” ተብሎ ተጽፏል። የበረዶ አገር ሴት፣ የበረሃ ሴት፣ ሩዝ ተካይ፣ ወተት ሻጭ፣ ፈታይ፣ አጣቢ። ያነሳቸው የሙዚየሙ መሥራች ነው፤ “ተጓዡ” ይሉታል፤ ሐውልቱ በሩ ላይ ቆሟል። የአሁኑ ዳይሬክተር የልጅ ልጁ ነው። የስላይዶቹ ኤግዚቢሽን በማግስቱ ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ሊከፈት እንግዳ ሁሉ ተጠርቷል።

“ይቺ ሴትዮ ራሷ ነው የሄደችው” አለች አብራኝ የመጣችው ሳጅን። “የጓሮው በር ወንበር ለሚያስገቡ ሰዎች ጠዋቱን ሙሉ ክፍት ነበር። ስልኳን አጥፍታለች። የእጅ ሰዓቷን ሳይቀር ፈትታ ትታለች። ይሄ እኮ አትፈልጉኝ ማለት ነው።”

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ሰዓቱ አጠገቡ ነው፤ ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩት ዓይነት። ከእነሱ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ነበር። ዚፑን ከፈትኩት።

“ይሄንንስ ለምን ተወችው?” አልኳት።

ኢንሱሊን ነበር።

* * *

ለፖሊስ የደወሉት እናቷ ናቸው። ልጅቷ ምሳ ከመብላቷ በፊት መርፌዋን ስትወጋ ሁሌ ትደውልላቸዋለች፤ ያን ቀን አልደወለችም። ሌላ እናት ብትሆን ሥራ በዝቶባት ነው ትል ነበር። እኚህ ግን በረዶ የሞላ የመድኃኒት ሳጥን ይዘው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተው የአዳራሹ መግቢያ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

“እማማ፣ ቤት ሆነው ቢጠብቁ ይሻላል፤ እኛ እንደውላለን።”

“አልሄድም። ስትገኝ መድኃኒት ፍለጋ ልትሮጡ ነው? እዚሁ ይዤላት እጠብቃለሁ።”

“ያለ መርፌው ስንት ሰዓት ትቆያለች?”

“የሷ ስኳር ቀልድ አያውቅም፣ ልጄ። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተወግታለች። ዛሬን ትቆይ ይሆናል። ነገ…” ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት። “የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ተኩል መድኃኒት ቀርቶባት፣ ራሷን ስታ ነው ያገኘኋት። ውኃ ውኃ ስትል ነበር። ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ አለኝ። ቀሪውን አልጨረሰውም።”

በልቤ ቆጠርኩ። ነገ ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው ፈልጌ አግኝቻለሁ፤ ግን ሰዓቱ እንዲህ ተቆርጦ የተሰጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ክፍሎቹን ሁሉም “እትዬ” ከሚሏት ጽዳት ሠራተኛ ጋር ዞርን። እትዬ ስሊፐሯን እየጎተተች ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ቁልፍ በከፈተች ቁጥር በረጅሙ ትተነፍሳለች። የሥዕል መጋዘን፣ የወንበር ክምር፣ የአየር ማራገቢያው የሚያጓራበት ምድር ቤት። በመተላለፊያው መጨረሻ አንድ ከባድ በር ነበር፤ ከበላዩ ትንሽ ቀይ አምፖል በርቷል።

“ይሄስ?”

“የባለካሜራው ክፍል ነው። እሱ ሥራ ላይ ነው።” ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እጄን ይዛ ጎተተችኝ። “ኑ እንሂድ፤ እኔ በዚህ በር አንዴ ተቃጥያለሁ።”

ማስታወሻዬ ላይ “የፎቶ ክፍል፤ ባለቤቱ ለሥራ ወጥቷል፤ ኬሚካል” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለኝ። የምይዘው ለመማሪያ ነው እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ራሴን መቅጫ ነው።

* * *

ዳይሬክተሩ ሃምሳ የሞላው፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ቀኝ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋልኝ አውራ ጣቱ ላይ ፕላስተር አየሁ። ማየቴን አይቶ ሳቀ።

“የመስታወት ቤት እኮ ነው፤ እዚህ ጣቱ ያልታሸገ የለም።”

“መዝጋቢዋን መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?”

“ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ደረጃው ላይ። ሰላም አልኳት፣ አለችኝ። ከዚያ ከእንግዶች ጋር ስልክ ላይ ነበርኩ።” ወደ መስኮቱ አየ። “ይሄን ማለት ደስ አይለኝም፣ ኢንስፔክተር። የፎቶ ባለሙያችን ከትናንት ጀምሮ ለመስክ ሥራ ከከተማ ውጭ ነው። እሱና እሷ… ያው ያውቃሉ፤ መሥሪያ ቤት ነው፤ ወሬ አይቀርም። እናት እንዳይሰሙ እንጂ።”

“መድኃኒቷን ትታ?”

“ፍቅር ምን የማያስረሳው አለ?”

ሳቁን አልወደድኩትም። ግን አለመውደድ ማስረጃ አይሆንም። እትዬም ባለካሜራው ሥራ ላይ ነው ብላኛለች፤ የሁለቱ ቃል ገጠመልኝ። ሳጅኗን በመኪና ወደ መስኩ ላክኋት፤ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ስልክም አይሠራም።

ቀጥሎ የቀረቡት አባባ ፋኖስ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ዘሏል፤ ለአርባ ሦስት ዓመት የድሮውን የስላይድ ማሳያ የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ፋኖሱ በሌላ ሰው እጅ አልበራም ብሎ መሥሪያ ቤቱ መልሶ ለምኗቸዋል። ሦስት ጣታቸው ታሽጓል።

“ከመዝጋቢዋ ጋር ትናንት ተጨቃጭቀዋል አሉ።”

“ጭቅጭቅ አይደለም፤ ቁጣ ነው። ነጥቦቼን ልጣ ሌላ ፊት ላይ ለጠፈችብኝ!”

“የምን ነጥብ?”

አንድ መስታወት አነሱ። ጥጉ ላይ የጥፍር ስፋት ያላት ክብ ነጭ ወረቀት ተለጥፋለች። “ስላይድ ፋኖስ ውስጥ ሲገባ ተዘቅዝቆ ነው። ክፍሉ ደግሞ ጨለማ ነው። ታዲያ ምኑን ታያለህ? የቀኝ አውራ ጣትህን ነጥቡ ላይ ታሳርፋለህ፣ ትከታለህ፤ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነጥቡ በመስታወቱ የተሳሳተ ፊት ላይ ከተለጠፈ ግን ዓለም ትገለበጣለች፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። እሷ በዚያች ማጉያዋ አይታ ‘አባባ፣ ከስምንቱ የአራቱ ነጥብ የተለጠፈው በተሳሳተው ፊት ነው፤ ሆን ተብሎ ይመስለኛል’ ትለኛለች። እኔ አርባ ሦስት ዓመት ሳሳይ ኖሬ! ‘ማነሽ አንቺ?’ አልኳት።” እጃቸው መስታወቱ ላይ ላላ። “ማነሽ አንቺ አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።”

“ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?”

“አዳራሽ፣ ፋኖሱን ስወለውል።”

“ማን አይቶዎታል?”

“ማንም። እኔን ማን ያያል?”

ደም ያለበት መስታወት፣ የታሸገ ጣት፣ ጠብ፣ ምስክር የሌለው ሰዓት። አለቃዬ በስልክ “ሽማግሌውን ያዘውና ይለይለት” አለኝ። አልያዝኳቸውም። ልቤ እምቢ ስላለ ነው እንጂ ምክንያት አልነበረኝም።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳለፈ አልጽፍም።

* * *

ዓርብ ጠዋት እናቲቱ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። በረዶውን ቀይረውታል።

“ሃያ አራት ሰዓት አለፈ” አሉኝ ከሰላምታ በፊት።

እንግዳ ተቀባዮች አበባ ይዘው በአጠገባቸው ያልፋሉ። ዳይሬክተሩ አዲስ ከረባቱን አስሮ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው፤ “አይዞዎት፣ እናቴ” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሳጅኗ ከአንድ የገጠር ፖስታ ቤት ደወለች።

“አግኝቼዋለሁ። ብቻውን ነው። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ነው የደረሰው፤ አብረውት ያሉት አሥር ሰዎች ይመሰክራሉ። እሷ መጥፋቷን ስነግረው መሬት ላይ ቁጭ አለ።”

“ከማን ጋር ተነጋግሮ ነው የወጣው?”

“ዳይሬክተሩ ድንገት ቤቱ ደውሎ ነው ያዘዘው። መሥሪያ ቤት እንኳን ሳልመለስ፣ ለማንም ሳልነግር ወጣሁ ይላል።”

ስልኩን ዘጋሁት። የነበረኝ አንድ መንገድ ተቆረጠ። አራት ሰዓት፣ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው የቀረኝ፤ በእጄ ያለው ደግሞ ሰባት መስታወት ብቻ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ አዳራሽ ወርጄ አባባ ፋኖስ ፊት ቆምኩ።

“ሰባቱን ያሳዩኝ። እሷ ባዛወረችው ነጥብ።”

“በሷ ነጥብ?”

“በሷ።”

አጉረመረሙ፤ ግን መጋረጃውን ዘጉና ፋኖሱን አበሩ። ጣታቸው ነጥቡን ፈልጎ አገኘ። ግድግዳው ላይ የጠጉር ካባ የለበሰች ሴት ቆመች፤ ከኋላዋ በረዶ። ቀጠለ። በሻሽ የተሸፋፈነች፣ እንስራ ያዘለች። ቀጠለ። ሰፊ ባርኔጣ፣ በእጅዋ የሩዝ ቡቃያ። ፊታቸው ወይ በጨርቅ ተሸፍኗል ወይ ዞር ብሏል፤ ጉንጫቸው በቀለም ቀልቷል። አራተኛዋ እንዝርት ታሾራለች።

እኔ ፊት ማየት ሲያቅተኝ እጅ አያለሁ፤ የሙያ ልማድ ነው። የፈታይዋ ቀኝ እጅ ትንሿ ጣት ከመሃል ላይ ተቆርጣለች።

“ወደ ሩዟ ይመልሱልኝ።”

የሩዝ ተካይዋም ቀኝ እጅ፣ ትንሿ ጣት። ባለ እንስራዋም። የበረዶዋም። የቀሩት ሦስቱም።

“አባባ፣ ነጥቡ ከመዛወሩ በፊት ቢሆን የነዚህ የግማሾቹ ጣት በግራ እጅ ነበር የሚታየው፤ አይደል?”

“የምን ጣት?”

“የተቆረጠው።”

“የማንኛዋ?”

“የሁሉም። ሰባቱም አንድ ሴት ናት። ተጓዡ በጓሮው ልብስ እያቀያየረ ያነሳት አንድ ሴት። ግራና ቀኙን ያምታታው እንዳይታወቅበት ነው።”

ዞር ስል አባባ ፋኖስ ከመብራቱ ጀርባ ወጥተው በወንበሮቹ መሃል ቆመዋል። በአርባ ሦስት ዓመት ውስጥ ስንቴ ከፊት ቆመው እንዳዩ ኋላ ጠይቄያቸው ነበር። “አንድም ቀን” አሉኝ። “ፋኖስ የሚያበራ ሰው ሥዕሉን አያይም፤ ነጥቡን ነው የሚያየው።”

ግድግዳውን አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፋኖሱን ሳያጠፉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ከአዳራሹ ወጡ።

አለቃዬ ልክ ነበር አልኩ በልቤ። ሽማግሌው አመለጡኝ።

* * *

ምድር ቤት ደረስኩባቸው። በመተላለፊያው መጨረሻ ያለው የእጅ መታጠቢያ ላይ ተደፍተው ፊታቸውን በውኃ ይመታሉ።

“የት አደረጓት?” አልኩ ጮክ ብዬ። “ይንገሩኝ! ሰዓት የለንም!”

“እናቴ ናት” አሉ።

በሹክሹክታ ነው ያሉት።

“ማን?”

“እዚያ ግድግዳው ላይ ያለችው። የዚህ ቤት አጣቢ ነበረች፤ የተጓዡ። ጣቷን የልብስ መጭመቂያው ነው የበላት። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሞተችብኝ። ፊቷ ጠፍቶኛል፤ አንድ ፎቶ የለኝም። የማስታውሰው ራሴን ስትዳብሰኝ ነው። አራት ጣትና አንድ ጉማጅ።” እንባቸው በውኃው ላይ ይወርዳል፤ ድምፃቸው ግን አሁንም ከትንፋሽ አይበልጥም። “አርባ ሦስት ዓመት ለሰው ሳሳያት ኖሬአለሁ፤ አየህ? እኔ ሳላያት።”

እውነት እንደሚናገሩ አውቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ የሚፈጥር የለም። ግን አንድ ነገር እንደ እሾህ ወጋኝ። አንጀቱ የተቆረጠ ሰው አይንሾካሾክም።

“አባባ፣ ለምንድነው ድምፅዎን ዝቅ ያደረጉት?”

በአገጫቸው ከኋላዬ ወዳለው ከባድ በር ጠቆሙ። “ባለካሜራው ሥራ ላይ ነው እኮ። ቀዩ መብራት በርቷል።”

ሥራ ላይ ነው። እትዬ ያንኑ ቃል ነበር ያለችኝ። እኔ ወጥቷል ብላለች ብዬ ጻፍኩ። እሷ ያለችው ውስጥ ነው ነው።

“ባለካሜራው ከረቡዕ ጀምሮ ከተማ ውስጥ የለም” አልኩ።

“ኧረ? ታዲያ ውስጥ ማነው?”

ሁለታችንም በሩን አየነው።

“ፎቶ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል የሚገባ ሰው” አልኩ፤ “ውጭ የሚተወው ነገር አለ?”

“የሚያበራ ነገር ሁሉ ይቀራል። ስልክ። ቁጥሩ የሚያበራ ሰዓት። ትንሽ ብርሃን ከገባ ፊልሙ አለቀለት።”

የእሳት ማጥፊያውን ሲሊንደር ከግድግዳው ነቅዬ ቁልፉን መታሁት። አንዴ። ሁለቴ። እትዬ መጥረጊያዋን ይዛ እየሮጠች መጣች።

“እንዳትከፍቱ! ፊልሙ ይቃጠላል! ባለፈው ከፍቼ የአንድ ወር ደሞዝ ነው የተቀጣሁት!”

“ውስጥ ያለችው ማጉያ ናት!”

መጥረጊያው ከእጅዋ ወደቀ። “ወይኔ! ወይኔ እናቴ! ትናንት ሲያንኳኳ ሰምቼዋለሁ። አትረብሹኝ ማለቱ ነው ብዬ… በእግሬ ጫፍ ነው የሄድኩት።”

በሦስተኛው ምት በሩ ተከፈተ። ከውስጥ ሌላ በር፣ ከሱ ቀጥሎ ወፍራም ጥቁር መጋረጃ። ክፍሉ በቀይ ብርሃን ተሞልቷል። ወለሉ ላይ፣ የውኃው ቧንቧ ስር፣ ጉልበቷን አቅፋ ተኝታለች። ትተነፍሳለች፤ ግን እንደሮጠ ሰው ነው የምትተነፍሰው፤ ትንፋሿም እንደበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ጣቶቿ በሩን ከመደብደብ ቆስለዋል።

እናቲቱን ማን እንደጠራቸው አላውቅም። የበረዶውን ሳጥን ይዘው በደረጃው ሲወርዱ ማንም አላገዛቸውም። ተንበረከኩ፣ የልጃቸውን የጣት ጫፍ ወግተው ስኳሯን ለኩ፣ መርፌውን አዘጋጁ። እኔ አድራሻውን እየተሳሳትኩ አምቡላንስ ስጠራ፣ የእሳቸው እጅ አልሳተም።

“ደርሻለሁ” ይሏታል። “ይኸው ደርሻለሁ፣ የኔ ልጅ። ይዤልሽ ነው የጠበቅኩት።”

* * *

ያ በር ክፍሉ ባዶ ሲሆን አይቆለፍም፤ ቁልፉ ሁለት ነው። አንዱ ከባለካሜራው ጋር ስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነበር። ሌላው ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ መሳቢያ ውስጥ። ቀዩ መብራት የበራ ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ውስጥ ያለው ባለካሜራው መስሎታል። ባለካሜራው እንደሌለ ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያንንም ራሱ በአፉ ነግሮኛል። እኔን ሊያሳስተኝ ብሎ የነገረኝ እውነት አንገቱን አሰረው።

ቢሮው ስገባ መስታወት ፊት ቆሞ ንግግሩን ይለማመድ ነበር።

“ረቡዕ መጥታ ነገረችዎት” አልኩት። “የአያትዎ ዓለም የአያትዎ ጓሮ ነው አለችዎት። እንዳያትምላት ባለካሜራውን በዚያው ቀን ከከተማ አስወጡት። ትናንት ጠዋት ማረጋገጫውን በወረቀት ልታትም ራሷ ጨለማ ክፍል ወረደች፤ እርስዎ ተከትለው ቆለፉ። ከዚያ መስታወቶቹን ሊሰብሩ ወደ ጠረጴዛዋ ሄዱ። አንዱን ሲሰብሩ ጣትዎ ተቆረጠ፤ ሰው መጣና ሸሹ። ደሙ የማን እንደሆነ ማወቂያ አለን።”

ከረባቱን አላላ። “ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት። የዛሬ አሥር ሰዓት እስኪያልፍ። ከዚያ እከፍትላትና እንነጋገራለን ብዬ ነው። ውኃ አለ እዚያ።”

“መድኃኒቷን አላዩም? ስልኳ አጠገብ ነበር።”

ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ።

“እሺ፣ እናቷን አላዩም? ሁለት ቀን ሙሉ በረዶ ታቅፈው በር ላይ ሲቀመጡ?”

“ሰላም ብያቸዋለሁ” አለ።

በሃያ ስድስት ዓመት ሰው መትቼ አላውቅም። ያን ቀን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ ጨብጬ ነው የወሰድኩት።

* * *

ኤግዚቢሽኑ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተከፈተ። ሌላ አበባ፣ ሌላ ዳይሬክተር፣ ጥቂት ሰው። እኔ፣ ሳጅኗ፣ ባለካሜራው፣ እናቲቱ ያለ ሳጥን። እትዬ አዲስ ጫማ አድርጋ መጥታ በሩ ሥር ቆማለች፤ ግቢ ስንላት ግን መብራቱ እስኪጠፋ አልገባም አለች። ሐውልቱ እዚያው በሩ ላይ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ማጉያ ከስታለች፤ ጣቶቿ ግን ድነዋል። ሐኪሙ ያ የውኃ ቧንቧ ነው ያተረፋት ብሏል። ከሆስፒታል አልጋዋ ላይ የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ስምንተኛው መስታወትስ?” የሚል ነበር። ከማስረጃ ክፍል ለማስለቀቅ አሥራ አንድ ፊርማ አሰባስቤያለሁ፤ በሥራ ዘመኔ የለፋሁበት ትልቁ ወረቀት እሱ ነው። ስብርባሪውን አንድ በአንድ ገጥማ፣ በሁለት አዲስ መስታወት መሃል አድርጋ አሽጋዋለች።

ያን ቀን ፋኖሱ ጋ የቆመችው እሷ ናት። አባባ ፋኖስን ከፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥናቸው በግድ ነው። “ነጥቡን በደንብ ያዢ” እያሉ ሁለቴ ተነሡ።

መብራት ጠፋ። የበረዶዋ ሴት ወጣች፤ የበረሃዋ፣ የሩዟ፣ ፈታይዋ። በየምስሉ ግርጌ የድሮው ጽሑፍ የለም፤ በሁሉም ላይ ያለው አንድ ነው፦ “የፋኖስ እናት፤ የዚህ ቤት አጣቢ የነበረች።” አባባ ፋኖስ ሰባቱም እስኪያልፉ አልተነቃነቁም።

ስምንተኛው ወጣ። እዚህ ላይ ተጓዡ ምንም አላለበሳትም፤ በራሷ ቀሚስ፣ በራሷ መሐረብ፣ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። ስንጥቁ ትከሻዋን አቋርጦ ያልፋል፤ ፊቷን ግን አልነካውም። ፊቷ ሙሉ ወደኛ ነው። ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር እያየች ፈገግ ብላለች፤ አንድ ትንሽ ልጅ የሚቆምበት ከፍታ ላይ። ያችን የተቆረጠች ጣት ያለባትን እጅ ወደዚያ ዘርግታለች።

ማጉያ ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ እጅዋ ወደ ስላይዱ ማስወጫ ሲሄድ የፋኖሱ ብረት ድምፅ አሰማ። አባባ ፋኖስ ድምፁን ያውቁታል። ዘወር አላሉም፤ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ አነሱ።

“ቆይ፣ ልጄ” አሉ። “አትቀይሪው።”